0900 ስንት ሰዓት ነው? ኮምቦልቻ ላይ ሳይነሳ ያደረው በረራ

ጉዳዩ የአንድ ቁጥር ጉዳይ ነው። ቁጥሩ 0900 ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በቡሄ ማግስት፣ ነሐሴ 14 ቀን ጠዋት ደሴ ላይ ስልኬን ከፍቼ አነበብኩት። ገብቶኛል ብዬ አለፍኩት። አልገባኝም ነበር።

በዚህ ምክንያት ስምንት ሰዎች ሳያስቡት ኮምቦልቻ አደሩ። አዲስ አበባ ላይ ከሩቅ መጥተው ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ታካሚዎች ወደ ሌላ ቀን ተዛወሩ። ማንም አልተጎዳም። ይህ የሆነው ግን እኔ ሥራዬን አስተካክዬ ስለሠራሁ አይደለም። ፀሐይ ወጥታ እያየናት አብራሪው "አንነሳም" ስላለ ነው።

የአየር ሁኔታ ትንበያ ለአብራሪ ብቻ የሚጻፍ ይመስለኝ ነበር። የበረራን መነሻ የሚያዘገየው ግን ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ያለው ሰው ነው። መኪና የሚያዘው፣ ምሳ የሚያስበስለው፣ "ትንሽ ጠብቁን፣ እየመጣን ነው" ብሎ የሚደውለው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ስህተቴን ጨምሬ እጽፈዋለሁ።

ደሴ የሄድነው ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ነው። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል አምስት ቀን ሠራን። ቡድኑ ስድስት ሰው ነው፤ ሁለት የዓይን ሐኪሞችና አራት ነርሶች። ከእነሱ ጋር የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ አለ። ይህ ዕቃ መንገጫገጭ አይወድም። ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ነው። ክረምት ላይ፣ በተለይ ጣርማ በር ጭጋግ ሲይዘው፣ ቀኑን ሙሉ ይበላል። በአየር ከኮምቦልቻ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሴስና ካራቫን የምትባል ባለ አንድ ሞተር አነስተኛ አውሮፕላን ተከራየን። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ታደርሳለች።

የኔ ድርሻ ማስተባበር ነው። መኪና፣ ማደሪያ፣ የታካሚዎች ዝርዝር፣ ከአውሮፕላኑ ቢሮ ጋር መነጋገር።

አካባቢውን ለማያውቅ ሰው አቀማመጡን ላስረዳ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከታች 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ነው። የደሴ ሰው ለመብረር መጀመሪያ ይወርዳል። በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። በቀጥታ መስመር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ደግሞ መሬቱ በባቲ በኩል እየወረደ አፋር ቆላ ውስጥ ይገባል።

ነሐሴ ላይ እዚህ ያለው ሰማይ የቀን ፕሮግራም አለው ማለት ይቻላል። ሌሊት ዝናብ የጠጣ መሬት ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ይተናል። የተራራው ፊት ቶሎ ይሞቃል። የሞቀው አየር ዳገቱን ይዞ ይወጣል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ደመና ይሆናል። 3 ሰዓት ላይ የተባዘተ ጥጥ ነው የሚመስለው። 5 ሰዓት ላይ አበባ ጎመን ይመስላል፤ ጠርዙ ጥርት ብሎ ወደ ላይ ያብጣል። ከቀትር በኋላ ሆዱ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ብዙውን ቀን እንዲህ ነው። የበረራ ሰዎች ይህንን ያደገ ደመና ሲ.ቢ. ይሉታል፤ ኩሙሎኒምበስ ከሚለው ስሙ ነው። ጫፉ ከመሬት 12 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል። ካራቫን በላዩ ልታልፈው አትችልም። ውስጧ እንደ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች አየር አይሞላም፤ ተሳፋሪ ይዛ በጣም ከፍ ብትል ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ወይ ዞራ ታልፋለች፣ ወይ ትመለሳለች፣ ወይ አትነሳም።

አሁን ወደ መልእክቱ ልምጣ። ያን ዕለት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከአውሮፕላኑ ቢሮ በቴሌግራም ደረሰኝ። አንድ ፎቶና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ "ከኮምቦልቻ መነሻ ከ0900 በፊት ይሁን፤ ትንበያው ተያይዟል" ይላል። ፎቶው ላይ በላቲን ፊደልና በቁጥር የታጨቁ ጥቂት መስመሮች አሉ። ፎቶውን በጣቴ አስፍቼ አየሁት። አንዱ መስመር ላይ 2009/2014 የሚል ነገር አለ። የምን ዓመተ ምሕረት ነው ብዬ ዘለልኩት። ዓይኔ 0900 ላይ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ አለ ማለት ነው፤ ነሐሴ አይደል? ለዶክተሯ "8 ሰዓት ላይ እንነሳለን፤ አንድ ሰዓት መጠባበቂያ አለን" አልኳት። ስለ መጠባበቂያዋ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

የማረፈጃ ምክንያት ደግሞ ሞልቶ ነበር። በዓይን ሞራ ሥራ ትልቁ ጠዋት ከቀዶ ሕክምናው ቀን ይልቅ ማግስቱ ነው። ፋሻ የሚፈታው ያኔ ነው። የመጨረሻው ቀን ላይ የተሠራላቸው ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ተቀምጠዋል። ነርሷ አንድ በአንድ ትፈታለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ሐኪሟ በባትሪ ታያለች፣ ጣቷን ከፍ አድርጋ "ስንት ነው?" ትላለች። ከኩታበር የመጡ አንዲት እናት ፋሻቸው ሲፈታ ጣቱን ትተው ወደኔ ዞሩ። "ትናንት ክንዴን ይዘህ ያስገባኸኝ አንተ ነህ?" አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። "ልጅ ነህ ለካ። በድምፅህ ትልቅ ሰው መስለኸኝ ነበር" አሉ። ከዚያ የገዛ እጃቸውን ገለበጡና መዳፋቸውን ማየት ጀመሩ። እንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ቆሞ "ቶሎ በሉ፣ አውሮፕላን ይጠብቀናል" ማለት ያቅታል። ደግሞም ጊዜ አለን ብዬ አምኛለሁ። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት።

4 ሰዓት ላይ ሾፌራችን በሩ ላይ ቆመው በጥቅሻ ጠሩኝ። ደሴ ተወልደው ደሴ ያረጁ ሰው ናቸው። ወደ ግቢው አወጡኝና በአገጫቸው ወደ ጦሳ አመለከቱኝ።

"አየኸው? ዛሬ ማልዶ ነው የተነሳው። እንውረድ ልጄ።"

ቀና ብዬ አየሁ። ተራራው አናት ላይ ነጭ ደመና ተቆልሏል። ከሱ በቀር ሰማዩ ሰማያዊ ነው። ደስ የሚል ቀን ነው።

"እስከ ዘጠኝ ጊዜ አለን ጋሼ" አልኳቸው።

"ማን ነው ያለህ?"

"ትንበያው።"

ዝም አሉ። ሰውዬው ስልሳ ክረምት ያንን ተራራ ሲያዩ ኖረዋል። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ ወረቀት አለኝ። ወረቀቱ እና እሳቸው አንድ ዓይነት ነገር እያሉ እንደነበር የገባኝ ማታ ነው። ልዩነት የፈጠርኩት አንባቢው እኔ ነኝ።

አውሮፕላኗ ከአዲስ አበባ መጥታ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ኮምቦልቻ አርፋለች። ካፒቴኑ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውሎልኛል። ያነሳሁት ሦስተኛውን ነው፤ 6 ሰዓት ከ5 ላይ። "የት ናችሁ?" አለኝ። "እየወጣን ነው" አልኩት። እንደምታውቁት በኛ አገር "እየወጣን ነው" ማለት ገና ዕቃ እየተጫነ ነው ማለት ነው። "ፍጠኑ፣ ደመናው ተነስቷል" አለና ዘጋው። ያኔ እንኳ አልነቃሁም። አብራሪ ጠንቃቃ ነው፣ ደግ አደረገ አልኩ።

ሐረጎ ላይ ጭጋግ ገጠመን። ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና መብራት በጭንቅ ይታያል። 40 ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። 7 ሰዓት ከ15 ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ደረስን። እዚያ ደግሞ ፀሐይ ነው። ሙቀት አለ። አስፋልቱ ላይ ያለው አየር ይርገበገባል።

ካፒቴኑ አውሮፕላኗ አጠገብ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶናል። እኛ ወደመጣንበት አቅጣጫ፣ ወደ ምዕራብ እያየ ነው። ጦሳ የለም። ተራራው ባለበት ቦታ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ግድግዳ ቆሟል። ከላይ ጫፉ ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ የአንጥረኛ መስፍ ይመስላል። ውስጡ ብልጭ አለ።

"ዛሬ አንነሳም" አለን፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

ዶክተሯ ተገርማ ወደ ላይ ጠቆመች። "ፀሐይ እኮ ነው! በዚህ በምሥራቅ በኩል ወጥተን ብንዞር?"

ከነርሶቹ አንዷ ግን ሰዓቷን ገልጣ መቁጠር ጀምራለች። የልብ ምት እንደምትቆጥር ነው የምትቆጥረው። ብልጭ ሲል ጀመረች፣ ሲያጉረመርም አቆመች። "ሠላሳ" አለች። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሠላሳ ሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ቀጥሎ "አሥራ ስምንት" አለች። ስድስት ኪሎ ሜትር። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

7 ሰዓት ከ40 ላይ መጣ። መጀመሪያ የመጣው ዝናቡ አይደለም፤ ጠረኑ ነው። የረጠበ አፈር ጠረን፣ ፀሐይ ላይ ቆመን። ከምሥራቅ በቀስታ ይነፍስ የነበረው ነፋስ ጸጥ አለ። ማኮብኮቢያው ዳር ያለው ነፋስ የሚያመለክተው የጨርቅ ከረጢት እንደ ባዶ ካልሲ ተንጠለጠለ። ሃያ፣ ሠላሳ ሰከንድ ያህል እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ባንዴ ተገለበጠ። ከምዕራብ በኩል ቀጥ ብሎ ተወጠረ። አቧራው ተከትሎ መጣ፣ ቀዝቃዛው አየር ፊታችንን መታን፣ የማይክሮስኮፑን ሣጥን ለአራት ተሸክመን ወደ አዳራሹ ሮጥን። ረዳት አብራሪውና ካፒቴኑ አውሮፕላኗን ቀደም ብለው በገመድ ከመሬት አስረዋታል። ክንፏ ሲርገፈገፍ በመስኮት አየሁ። ከዚያ በረዶው ቆርቆሮውን ይወግረው ጀመር፤ መነጋገር አልተቻለም።

ዕቃ ጭነን፣ ተሳፍረን፣ ሞተር አስነስተን ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ የምንደርሰው ስንት ሰዓት እንደነበር በኋላ አስልቼዋለሁ። 7 ሰዓት ከ40 ነው።

የዚያን ነፋስ አሠራር መረዳት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ልብ እሱ ነው። ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ሲያድግ አየር ወደ ላይ ይስባል። ሲበስል ዝናቡና በረዶው ቀዝቃዛ አየር ይዞ ወደ ታች ይወድቃል። ያ አየር መሬት ሲመታ ወለል ላይ እንደተደፋ ውኃ በየአቅጣጫው ይረጫል። ከዝናቡ ቀድሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ከራስህ በላይ ፀሐይ እያለች ሊመታህ ይችላል። ለመነሳት የምትሮጥ አውሮፕላን መጀመሪያ ከፊቷ ይነፍስባታል፤ ክንፏ ደስ ይለዋል፣ ቶሎ ከፍ ትላለች። ወዲያው ወደ ታች የሚገፋው አየር ያገኛታል። ቀጥሎ ነፋሱ ከኋላዋ ይሆናል፤ ክንፉን የሚያነሳው አየር ባንዴ ይጎድላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ገና መሬት አጠገብ እያለች ነው የሚሆነው። በፈረንጆቹ 1975 ኒው ዮርክ ላይ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የወደቀው በእንዲህ ዓይነት አየር ነው። ቴትሱያ ፉጂታ የሚባለው ሳይንቲስት ያንን አደጋ መርምሮ ነው ይህን የሚወድቅ አየር ለይቶ ያሳየው። ብዙዎች ወዲያው አላመኑትም። 1985 ላይ ዳላስ ውስጥ ሌላ ትልቅ አውሮፕላን በተመሳሳይ ምክንያት ወደቀ። እነዚያ የመንገደኛ ጄቶች ነበሩ። የኛዋ ባለ አንድ ሞተር ናት።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሌላም ነገር ይጨመራል። ቦታው ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ሲሞቅ ይበልጥ ይሳሳል። ቀትር ላይ 25 ዲግሪ ሲሆን ለክንፉና ለሞተሩ ያለው አየር ከ2,600 ሜትር በላይ ያለ አየር ያህል ስስ ይሆናል። በሌላ አነጋገር አውሮፕላኗ ኮምቦልቻ ቆማ ከደሴ በላይ እንዳለች ነው የምትሠራው። ለመነሳት ረዥም ትሮጣለች፣ ከፍ የምትለው በቀስታ ነው። የሚወድቅ አየር ቢያገኛት ማምለጫ ጉልበቷ ያነሰ ነው። ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ይህ ሁሉ ይሻሻላል። ስለዚህ በዚህ አገር "ጠዋት ብረሩ" የሚባለው ደመናውን ለመሸሽ ብቻ አይደለም።

"በምሥራቅ ብንዞር" ያለችው ዶክተር ሐሳቧ ሞኝነት አይደለም። ወደ አፋር በኩል ሰማዩ ክፍት ነበር። ካፒቴኑ ማታ እንደነገረን ግን ከከባድ ነጎድጓድ ቢያንስ 20 ማይል፣ ማለትም ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ራቅ ማለት የተለመደ ምክር ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር እዚህ ላይ ነው የምትመጣው። ጦሳ ላይ ያለ ደመና ከማኮብኮቢያው 15 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ስለዚህ ጦሳ ሲያጉረመርም ኮምቦልቻ ፀሐይ ሆነ አልሆነ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አደጋው ክልል ውስጥ ነው። ለመዞርም መጀመሪያ መነሳት አለ።

ዝናቡ እስከ 10 ሰዓት ወረደ። ከዚያ አባራ፤ ደመናው ግን ከፍ አላለም። ኮረብታዎቹ ላይ ተጋድሞ ቀረ። የመሸበት ሰዓትም ቀረበ። ተስፋ ቆርጠን ኮምቦልቻ ሆቴል ያዝን።

እራት ላይ ነው ነገሩ የወጣው። ጾመ ፍልሰታ ስለነበር ግማሻችን ሽሮ ይዘናል። ካፒቴኑ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ "ወንድሜ፣ ለምን ዘገያችሁ?" አለኝ።

"እስከ ዘጠኝ ጊዜ አለን ብዬ ነው፤ መልእክቱ ላይ እንደዚያ ነው ያለው።"

"የቱ መልእክት?"

ስልኬን አቀበልኩት። አነበበና ጣቱን 0900 ላይ አሳረፈ። ለረዥም ጊዜ ዝም አለ።

"ይሄ ዙሉ ነው" አለ።

በዓለም ላይ የበረራ ትንበያ የሚጻፈው በአንድ የጋራ የሰዓት አቆጣጠር ነው። አብራሪዎች ዙሉ ይሉታል። የኢትዮጵያ የሰዓት ክልል ከዙሉ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ዙሉ 0900 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የቀኑ 12 ሰዓት ነው። በኛ 6 ሰዓት። እኩለ ቀን! እኔ 9 ሰዓት ብዬ ያነበብኩት እኩለ ቀን ነበር። ጣቴን ከፍ አድርጌ በስንት ሰዓት እንደተሳሳትኩ ቆጠርኩ። ሦስት። 8 ሰዓት ላይ ልንነሳ ስንል መጠባበቂያ አልነበረንም፤ ሁለት ሰዓት ዘግይተን ነበር።

የከፋው ነገር ይሄ ነው፦ ቁጥሩ በሦስት መንገድ ይነበባል፤ ሦስቱም ንባብ ትርጉም ይሰጣል። በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ሰው 0900ን ጠዋት 3 ሰዓት ይለዋል፤ ቀድሞ ይመጣል እንጂ አይጎዳም። በዙሉ የሚያነበው አብራሪ 6 ሰዓት ይለዋል። በእናቱ ሰዓት የሚያነበው እንደ እኔ ያለ ሰው ደግሞ 9 ሰዓት ይለዋል። የኔ ንባብ ሐሰት ብትመስል ኖሮ እጠይቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነሐሴ ይዘንባል፤ ማን ይጠራጠራል?

ካፒቴኑ ናፕኪን ጎተተና ፎቶው ላይ ያለውን መስመር ገለበጠልኝ። 2009/2014። ዓመተ ምሕረት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ቀን ናቸው፤ የሚቀጥሉት ሁለቱ ሰዓት። የ20ኛው ቀን ከ09 እስከ 14 ዙሉ። 20 ያለው በፈረንጆቹ ነሐሴ 20 ነው፤ በኛ ነሐሴ 14፣ የዚያኑ ዕለት። ከ09 እስከ 14 ማለት በኛ ከቀኑ 6 እስከ 11 ሰዓት። ነጎድጓዱ የመጣው 7 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ትንበያው አልተሳሳተም።

ከመስመሩ ፊት ደግሞ ፕሮብ 40 እና ቴምፖ የሚሉ ቃላት ነበሩ። ፕሮብ 40 ማለት የመሆን ዕድሉ በመቶ 40 ነው ማለት ነው። ይህን ስሰማ "ታዲያ 60 እኮ አይመጣም ነው" አልኩ። ካፒቴኑ እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦ "በዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፣ 30 እና 40። ከ30 በታች ከሆነ አይጻፍም። 50 ከደረሰ ዕድል መሆኑ ይቀርና 'ይሆናል' ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ 40 ካየህ ከፍተኛውን ነው ያየኸው።" ቴምፖም የሚያዘናጋ ቃል ነው። ለአጭር ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ማለት ነው። በየመጣበት ከአንድ ሰዓት ያነሰ ይቆያል፣ ተደምሮም ከተባለው ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። "ለአጭር ጊዜ" ሲባል ቀላል ይመስላል። ለመነሳት የሚያስፈልገው ግን አንድ ደቂቃ ነው፤ መጥፎውም ደቂቃ እንደዚያው አጭር ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አሳየኝ። ትንበያ ሊሆን የሚችለውን ይናገራል። በየሰዓቱ የሚወጣው ምልከታ፣ ሜታር የሚሉት፣ አሁን ያለውን ይናገራል። እዚያ ውስጥ "በአቅራቢያ ነጎድጓድ" የሚል አጻጻፍ አለ። በአቅራቢያ ሲባል ከአውሮፕላን ማረፊያው ከ8 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ማለት ነው። ደሴን ከኮምቦልቻ ብታዩዋት እዚያ ክልል ውስጥ ናት። ያን ቀን ሾፌራችን ግቢው ውስጥ ቆመው በአገጫቸው ያመለከቱኝ ይህንኑ ነው። ምልከታ ነው፤ ፊደሉ ብቻ ነው የተለየው።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ነበርን። ጀማሪ ተማሪ እንደመሆኔ ሰማዩን ሳይ ጥርት ብሏል፤ ደስ አለኝ። መሬቱ ላይ ግን ጭጋግ ተኝቷል። ሌሊቱን ሰማዩ ተገልጦ፣ ነፋስ ጠፍቶ፣ መሬቱ በዝናብ ርሶ ሲያድር የቦርከና ሸለቆ እንዲህ ይሆናል። ማኮብኮቢያው መሃሉ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ "ጠዋት ብረሩ" የሚለውም ሕግ ብቻውን አይበቃም። ማታ ከዘነበ ጠዋት ለጭጋግ ጊዜ መተው ያስፈልጋል። ካፒቴኑ ቡናውን እየጠጣ ጠበቀ። እኔ እግሬ አያርፍም። 2 ሰዓት ከ20 ላይ ፀሐይ ጭጋጉን እንደ ነጠላ አነሳችው። ተነሱ። ሾፌራችን እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ከዓይን እስኪሰወሩ አዩዋቸው። ስለ ትናንቱ ምንም አላሉኝም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ።

ቢሮውን ብወቅስ ይቀለኝ ነበር። ዙሉ የምትለዋን አንዲት ቃል መልእክቱ ላይ ዘለዋታል፤ እውነት ነው። ግን ፎቶው ላይ ሁሉም ነገር ነበረ። ያልገባኝን አንብቤ "ገባኝ" ያልኩት፣ ስልኬን ያጠፋሁት፣ ሽማግሌ ሲነግረኝ ወረቀት የጠቀስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ የለወጥናቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ሰዓት ብቻውን አይጻፍም። መልእክቴ ሁልጊዜ እንዲህ ይነበባል፦ "መነሻ 0620 ዙሉ፣ በኛ ጠዋት 3 ሰዓት ከ20።" ዙሉን ወደኛ ለመመለስ ሦስት ጨምሮ ስድስት መቀነስ፣ ባጭሩ ሦስት መቀነስ ነው። በቃ። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ነው ሰው የሚዘነጋው። ተቀባዩ ሰዓቱን በራሱ ቃል መልሶ እንዲጽፍልኝ እጠይቃለሁ፤ "ኦኬ" ብቻ ካለ እደውላለሁ። የበረራ ቀን የካፒቴኑ ስልክ ቁጥር ድምፁ አይጠፋም፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይም ብሆን።

ዋናው ለውጥ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። አውሮፕላኑን ያስረፈደው ፋሻው ነው። ፋሻ መፍታት ደግሞ አይቸኮልበትም፤ መቸኮልም የለበትም። ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን ቀደም አደረግነው። የመነሻው ዋዜማ የቁጥጥር ቀን ብቻ ነው። በየዘመቻው አምስት ቀን የሚሠራው አሁን አራት ቀን ነው። በዚህ ምክንያት የሚሠራላቸው ሰዎች ቁጥር ይቀንሳል። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ዶክተሯ መጀመሪያ አልተቀበለችውም። ልክ ናት፤ አንድ ቀን ማለት በመሪ የሚሄዱ ብዙ ሰዎች ናቸው። ያንን ቀን ፊቴ አድርጌ ስከራከር ግን መከራከሪያዬ አንድ ነው፦ እሷና ነርሶቹ ከሌሉ የሚቀጥለው ዘመቻ የለም።

በዓመቱ፣ እንደገና ነሐሴ ላይ፣ ትንበያው ፕሮብ 40 አለ። ሾፌራችን ሚኒባሱን 12 ሰዓት ላይ በር ላይ አቆሙት። 3 ሰዓት ከ20 ላይ አውሮፕላኗ ከኮምቦልቻ ተነሳች። ከሰዓት በኋላ ደሴ ቁጭ ብዬ ጦሳን ስጠብቅ ዋልኩ። ደመናው ተቆለለ፣ ትንሽ ጠቆረ፣ ከዚያ ተበተነ። አንዲት ጠብታ አልወረደም።

ማታ ዶክተሯ ደወለችልኝ። "ደሴ ዘነበ?"

"አልዘነበም" አልኳት።

"አንድ ቀን መሥራት እንችል ነበር ማለት ነው።"

"እንችል ነበር" አልኳት። "ለከርሞም ግን 3 ሰዓት ከ20 ነው የምንነሳው፣ ዶክተር።"

ትንሽ ዝም አለች። "በዙሉ ስንት ነው?" አለችኝ።

"0620።"

"ጻፍኩት" አለች።